ጥይት መዝገብ አይዘጋም፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ሄግ



ባለፉት ዓመታት በክልላችን የትምህርት ቤትና የጥይት ወሬ አብሮ መሰማቱ የተለመደ ሆኗል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ብዙ ልጆች ቤት ቀርተዋል። ከሶላት በኋላ ከመስጊድ በር ላይ የሚያገኙን ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ለመሆኑ በዚህ አገር ተማሪ የገደለ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል ወይ?» አንዳንዱ ይህን የሚጠይቀው መልሱን ለማወቅ ነው። አንዳንዱ ግን «አያውቅም» ብሎ ከደመደመ በኋላ ነው የሚጠይቀው፤ ቀጥሎ የሚለውም «እንግዲያው በራሳችን እጅ ነው» የሚል ነው።

ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከሥሩ እናንሣው ብለናል። አዎ፣ ቀርቦ ያውቃል። የቀረበው ግን ዘግይቶ ነው፣ በሁሉም ቦታም አይደለም። የት እንደቀረበና የት እንዳልቀረበ ስናስተያይ የምናገኘው ትምህርት ለዛሬው ወጣት በጣም ይጠቅማል።

*ስድስት ኪሎ፣ ታኅሣሥ 1962*

ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነው የስድስት ኪሎው ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ለትምህርት ሰጡትና በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ተማሪው «መሬት ለአራሹ» እያለ ሰልፍ ይወጣ ነበር። በ1961 ደግሞ እንቅስቃሴው እየጋለ፣ የመንግሥትም ትዕግሥት እያለቀ መጣ። የእኛ ከተማ ባሕር ዳርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሟ አለ፦ በነሐሴ 1961 ብርሃነ መስቀል ረዳ የነበረበት የሰባት ተማሪዎች ቡድን ከባሕር ዳር የተነሣን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጠልፎ ካርቱም አሳርፎታል።

በ1962 መጀመሪያ ላይ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ጥላሁን ግዛው ነበር። የማይጨው ልጅ ነው። እኅቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሡ ልጅ የልዑል መኮንን ባለቤት ስለነበሩ ከቤተ መንግሥቱ የራቀ ሰው አልነበረም። በኅዳር ወር «ታገል» የተባለው የተማሪዎች መጽሔት ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ጽሑፍ አወጣ። መንግሥት በዚህ ክፉኛ ተቆጣ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962፣ እሑድ ማታ፣ ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ በጥይት ተመታ፤ ሞተም። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ከሆስፒታል ወስደው ወደ ግቢያቸው አስገቡ። በክብር ሊሸኙት ነበር። መንግሥት አስከሬኑን አስረክቡ አለ፤ ተማሪዎቹ እምቢ አሉ። በዚህ ጊዜ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢውን ጥሰው ገቡና ለቀብር በተሰበሰበው ተማሪ ላይ ተኮሱ። መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥር ጥቂት ነው፤ ተማሪዎቹ የቆጠሩት ግን የዚያ ብዙ እጥፍ ነው። የጥላሁን አስከሬን ተወስዶ ማይጨው ተቀበረ።

እዚህ ላይ «ይህ የእኛ የሙስሊሞች ታሪክ አይደለም» የሚል ወንድም ካለ ትንሽ ይታገሰን። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966፣ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቁን የእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያን ተማሪዎችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። የእኛ በዓላት በአገር ደረጃ መከበር የጀመሩት ከዚያ በኋላ፣ በ1967 ነው። ያንን በር ካንኳኩት እጆች መካከል በስድስት ኪሎ የተተኮሰባቸው ልጆች ጓደኞች እጅ ይገኝበታል። የባለ ውለታን ደም ማስታወስ ደግሞ ከአደብ ነው።

*ሕጉ ነበረ፣ ጠያቂ ግን አልነበረም*

«ያኔ ሕግ አልነበረም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነበረ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ያለ ሕግ አግባብ ሕይወቱን እንደማያጣ ይደነግግ ነበር። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 522 ከባድ የሰው ግድያን፣ በአንቀጽ 281 ደግሞ የዘር ማጥፋትን ይቀጣ ነበር። የአንቀጽ 281 ልዩ ነገር «የፖለቲካ ቡድን»ንም በጥበቃው ውስጥ ማስገባቱ ነው። ይህን አንቀጽ አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሕጉ ለአንዳንድ ሰው ደም ይሠራም ነበር። በዚያው በገነተ ልዑል፣ በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ፣ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በጥይት ተገድለው ነበር። የግልበጣው መሪ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ተፈረደባቸው፤ በመጋቢት 1953 በአደባባይ ተሰቀሉ። ከግድያው እስከ ፍርዱ ፍጻሜ ያለው ጊዜ አራት ወር እንኳ አይሞላም። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በዚያው ግቢ የተማሪ ደም ሲፈስ ግን የተኮሰም፣ አዝዞ ያስተኮሰም አንድ ሰው ለፍርድ አልቀረበም። ጥላሁንን የገደለው ማን እንደሆነም በችሎት አልተመረመረም።

ሸሪዓን የቀራ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም። በደም ጉዳይ የመኳንንትና የተራ ሰው ልዩነት የለም። የቀደሙ ሕዝቦች ከጠፉባቸው ምክንያቶች አንዱ ትልቁን ሲያጠፋ ማለፍ፣ ትንሹን ሲያጠፋ መቅጣት እንደነበር ነቢያችን ﷺ አስተምረውናል። የ1962ቱ ዝምታም ለዚያ መንግሥት አልበጀውም። «ሕግ ለእኛ አይሠራም» ብሎ ያመነ ትውልድ ከዚያ በኋላ ወደ መሣሪያ ዞረ።

*በጥይት የተዘጋው መዝገብ*

በ1966 አብዮቱ ፈነዳ። በዚያ ዓመት የባለሥልጣናትን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም የኮሚሽኑ አባል ነበሩ። የታሰሩት ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ቃላቸውን ይሰጡ ጀመር። ከነሱ አንዱ ከ1953 እስከ 1966 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። በ1962 ተማሪው ሲገደል አገሪቱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት ይመሩ የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ለኮሚሽኑ የጻፉት ቃል ኋላ በመጽሐፍ ታትሟል።

አስቡት፦ ምርመራው ቢቀጥል ኖሮ «በታኅሣሥ 20 ለክብር ዘበኛ ትእዛዝ የሰጠው ማነው?» የሚለው ጥያቄ በአደባባይ የሚቀርብበት ዕድል ነበረ። ደርግ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት 60 ያህል ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። አክሊሉም ከነሱ ጋር ተገደሉ። ብዙ ሰው ያን ሌሊት «ደማችን ተመለሰ» ብሎ ተደስቶ ነበር። የተመለሰ ደም ግን አልነበረም። የጥላሁን ደም ጥያቄ ከመላሾቹ ጋር አብሮ ተቀበረ። ማን አዘዘ፣ ማን ተኮሰ፣ ስንት ሰው ሞተ፤ ይህን ሊናገር የሚችል አፍ በጥይት ተዘጋ።

ያ ጥይት እዚያ አላቆመም። ያለ ፍርድ ሚኒስትር መግደልን የለመደ እጅ ያለ ፍርድ ተማሪ ለመግደል ሦስት ዓመት እንኳ አልፈጀበትም። በሚያዝያ 1969 መጨረሻ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በአዲስ አበባ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ፣ ልጃቸውን እንዳያለቅሱ የተከለከሉ ወላጆች ነበሩ። ያን ዘመን ቀይ ሽብር እንለዋለን። በኅዳር 14 ያጨበጨበው ወጣት ራሱ ቀጣዩ ሟች ሆነ።

*ጎጃም፣ ነሐሴ 1970*

ሽብሩ አዲስ አበባ ላይ ብቻ አልቀረም። ያኔ ባሕር ዳር የጎጃም ክፍለ ሀገር ከተማ ነበረች፤ የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ደብረ ማርቆስ ነበር። ዛሬ ከባሕር ዳር በዳንግላ፣ በእንጅባራና በፍኖተ ሰላም አድርገን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡሱ ለምሳ የሚቆምባት ከተማ ማለት ነው። በ1970 በጎጃም የደርግ ተወካይ ሆኖ የተሾመው እሸቱ ዓለሙ ይባላል።

በዚያ ጊዜ በኢሕአፓ አባልነት የተጠረጠሩ ከ300 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ በደብረ ማርቆስና በመተከል ታስረው ነበር። እጅግ በተጨናነቀ ክፍል ታጎሩ፤ ተገረፉ፤ ጠበቃ ሳያገኙ ተፈረደባቸው። በነሐሴ 1970 ከነሱ ውስጥ 75ቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገድለው በጅምላ ተቀበሩ። የአገዛዙ ወረቀቶች እንዲህ ያለውን ሥራ «ግድያ» ብለው አይጽፉትም፤ «አብዮታዊ እርምጃ» ይሉታል።

እዚህ ላይ ከ1962ቱ ጋር ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ደርግ ገዳይ ነበር፤ ጸሐፊም ነበር። ትእዛዝ ይጽፋል፣ የስም ዝርዝር ያዘጋጃል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል፣ ግልባጭ ያደርጋል። በዚያ ላይ ከእስር ቤቱ በሕይወት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ወረቀቱም ምስክሩም ተርፎ ነበር።

*ፍርዱ*

ደርግ ከወደቀ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ተቋቋመ። ሥራው እነዚያን ወረቀቶች ከየቢሮው መሰብሰብ፣ የጅምላ መቃብሮችን ማስቆፈርና ምስክር ማሰማት ነበር። ከ5,000 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የደርግ አባላት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ ጥፋተኝነቱ የተወሰነው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ነው፤ 12 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። አስታውሱት ያልነው አንቀጽ 281 የተመለሰው እዚህ ጋር ነው። ንጉሡ ያወጡት፣ በ1962 ማንም ያላነሳው ሕግ፣ የፖለቲካ ቡድንን በማጥፋት ወንጀል መንግሥቱን ጥፋተኛ አደረገ። በጥር 1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ሰውየው ዚምባብዌ ስለነበር ፍርዱ በሌለበት ነው የተሰጠው።

በኋላ የሙስሊሙን ጨምሮ የሃይማኖት መሪዎች ለታሳሪዎቹ ይቅርታ ጠየቁ። በ2003 የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በ2004 መጀመሪያ በርካቶቹ በአመክሮ ተፈቱ። በዚህ የተከፉ የሟች ቤተሰቦች አሉ፤ ሐቅ አላቸው። በዲናችን የደም ባለቤት የሟች ወልይ ነው፤ ይቅር የማለትም የመጠየቅም መብት በመጀመሪያ የእሱ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አይካድም፦ ይቅርታው የመጣው ከፍርዱ በኋላ ነው። ማን ምን እንዳደረገ በመዝገብ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ አፍው አንድ ነገር ነው፤ ሳይጠየቅ የተረሳ ደም ሌላ ነው።

*ሄግ*

ሸሽተው የተሰወሩትስ? ሁለት ሰዎችን እናንሣ።

የመጀመሪያው በቀይ ሽብር ጊዜ በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ከልቤሳ ነገዎ ነው። አሜሪካ ገብቶ በአትላንታ ከተማ በአንድ ሆቴል ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በእሱ ሥር ከተሰቃዩት ሴቶች አንዷ እዚያ አየችውና ለየችው። በቀል አልፈለገችም፤ ጠበቃ ፈለገች። ሦስት ሴቶች ሆነው በፍትሐ ብሔር ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ፍርድ ቤቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደላቸው። ገንዘቡ ዋናው አልነበረም። ያ መዝገብ ዜግነቱን እስከማጣት አደረሰው፤ በ1999 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። እዚህ በሌለበት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ይጠብቀው ነበር።

ሁለተኛው የጎጃሙ እሸቱ ዓለሙ ነው። ሆላንድ ገብቶ ዜግነት አግኝቶ ነበር። በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት ሞት ተፈርዶበታል። የሆላንድ ፖሊስ በ2008 መጀመሪያ ያዘው፤ ጉዳዩ በሄግ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ተሰማ። እሱ በአገዛዙ ስለተፈጸመው ማዘኑን ገልጾ፣ «እኔ ግን አላደረግሁም» አለ። ዳኞቹ ፊት ግን ፊርማው ያለባቸው ወረቀቶች ቀረቡ። ከዚያ እስር ቤት የተረፉ፣ አሁን ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎችም ከያሉበት አገር መጥተው መሰከሩ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በሰኔ 2014 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አጸናው።

ቁጥሩን እናስላው፦ ከነሐሴ 1970 እስከ ታኅሣሥ 2010 ድረስ 39 ዓመት አልፏል። በደብረ ማርቆስ የፈሰሰ የወጣት ደም ባሕር ተሻግሮ ገዳዩን አገኘው። ይህ የሆነው ከዚያ እስር ቤት የወጡት ሰዎች የጓደኞቻቸውን ስም፣ የታሰሩበትን ክፍል፣ ጓደኞቻቸው የተወሰዱበትን ሌሊት ስላልረሱ ነው፤ ወረቀቱም ስላልጠፋ ነው።

*ሕግ በተቃራኒው ሲዞር*

ታሪኩ እዚህ ላይ አብቅቶ «ሁሉም ጥሩ ሆነ» ብንላችሁ እንዋሻለን። በሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን፣ መጽሔታችን ይመለስልን ብለው ሲጠይቁ የጸጥታ ኃይል ግቢያቸው ገብቶ ደበደባቸው። ተከትሎ በከተማው በተነሣው ሁከት ከ30 በላይ ሰዎች ተገደሉ።

የእኛኑ አወሊያንም አንርሳ። በ2004 የዐረብኛ መምህራን ከተባረሩ በኋላ ሙስሊሙ በየጁሙዓው በትምህርት ቤቱ ግቢ እየተሰበሰበ ድምፁን አሰማ። ሐምሌ 6 ቀን 2004 ሌሊት ፖሊስ ግቢውን ሰብሮ ገባ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ሰው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ተከሳሽ የሆነው ማነው? ግቢ የሰበረው አልነበረም። በጥቅምት 2005 የኮሚቴ አባላትን ጨምሮ 29 ሰዎች በጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 በ18ቱ ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። የመጨረሻዎቹ የተፈቱት በ2010 ነው። አዋጁ ራሱ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተሽሯል። ችሎት ስላለ ብቻ ፍትሕ አለ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አያስፈልገንም።

በዚህም ውስጥ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። የአወሊያው ሕዝብ መስታወት እንኳ ሳይሰብር ቆየ፤ የሆነውን ሁሉ በቀን በቀኑ መዘገበ። ዛሬ የዚያን ጊዜ ታሪክ ማንም ሊገለብጠው የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

*ለእኛ የሚቀረን ሥራ*

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰው መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባ በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረት ወይም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይደነግጋል። የሚፈቅደው የሞትን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥን ብቻ ነው። በሚያዝያ 2016 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎትም በውስጡ አሉ። ይሳካ ይሆን፣ አይሳካ ይሆን? አላህ ያውቃል። ነገር ግን ከዛሬ 10 ወይም 40 ዓመት በኋላ አንድ ዳኛ «ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሚወሰነው ዛሬ በምናደርገው ነው።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለንም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ወሬ የሚቀበሉት «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን?» ብለው ኢስናዱን ከጠየቁ በኋላ ነው። ውሸታም ወይም ዘንጊ ሰው በሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ ወሬው ይወድቃል። ቁርኣናችን ተራ ብድር እንኳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት ያዘናል። ለገንዘብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ ለደም ምን ያህል ሊሆን ነው?

እንግዲያው ወንድሞችና እህቶች፣ በአካባቢያችሁ ትምህርት ቤት ላይ፣ መድረሳ ላይ፣ በማንኛውም ሃይማኖት ተማሪ ላይ ጉዳት ቢደርስ ሦስት ነገር አድርጉ። ያያችሁትን በቀኑ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተጎጂውን ሙሉ ስም። የሰማችሁትን ካያችሁት ለዩ፤ ከሌላ አገር የመጣን ፎቶ «የእኛ ከተማ ነው» ብሎ በቴሌግራም ማዞር ለሟቹ ጥብቅና አይደለም፤ ነገ ለገዳዩ ጠበቃ መከላከያ ማቀበል ነው። የጻፋችሁትንም እስኪጠየቅ ጠብቁት፤ የምስክሮችን ስም ለአደባባይ አታውጡ፤ የሐኪም ወረቀትና የቀብር ምስክር አይጥፋባችሁ።

በቀልን በተመለከተ ግን የኅዳር 14ቱን ሌሊት አስታውሱ። ያን ጊዜ «ደም መላሽ ነን» ያሉት ሰዎች የጥላሁን ግዛውን ገዳይ ስም ከእኛ ለዘላለም ደበቁት። ከደብረ ማርቆስ እስር ቤት የወጡት ደግሞ ስም ይዘው፣ ታግሠው፣ 39 ዓመት ቆይተው እውነቱን በዳኛ ፊት አስነገሩት። ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ለሟቹ እንደጠቀመ ለመፍረድ ብዙ ዒልም አያስፈልግም።

አላህ በግፍ ለተገደሉት ሁሉ ቤተሰቦች ሶብር ይስጣቸው። የአገራችንን ልጆች ከክፍላቸው ጥይት ሳይሰሙ የሚማሩ ያድርጋቸው። የበደለ የሚጠየቅባት፣ የተበደለ የሚሰማባት አገር ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።